የሁለተኛው ስቱዲዮ ቀይ መብራት

ዜና አንባቢዋ ከወሊድ ፈቃድ በተመለሰች በሦስተኛው ቀን፣ በሰባት ሰዓቱ ዜና መሀል፣ ወተቷ በአየር ላይ ወረደ።

ጥፋቱ የሪፖርተሩ ነበር ማለት ይቻላል። ስለ ክትባት ዘመቻ በሠራው ዘገባ ውስጥ ከጤና ጣቢያ የቀዳውን የሕፃን ለቅሶ አስገብቶበታል። እሷ መግቢያውን አንብባ ጨርሳ፣ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ዘገባው እስኪያልቅ ስትጠብቅ፣ ያ የማታውቀው ሕፃን «እንጋ!» ብሎ ጮኸ። ጡት የሰውን ልጅና የራስን ልጅ መለየት አያውቅም። ደረቷን በመርፌ እንደተወጋ ሰው ጠቅ ጠቅ አደረጋት፤ ወዲያው ከሸሚዟ ስር ሙቀት ተሰማት። ከመስታወቱ ማዶ የድምፅ ቴክኒሻኑ «ቀጥዪ» ሊሏት እጃቸውን አንስተዋል። ሁለት ክንዷን ደረቷ ላይ አጣብቃ፣ ወረቀቱን በጣቶቿ ጫፍ ይዛ የአየር ጠባዩን አነበበች። ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። በድምጿ ማንም አያማትም፤ ባልደረቦቿም «ደወሏ» የሚሏት ለዚሁ ነው። ስትወጣ ግን ሻርፗን እስከ ወገቧ ጥላ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ታክካ ነበር የሄደችው።

ቤትም ቢሆን ሰላም አልነበረም። ባሏ በሌላ ከተማ በመንገድ ሥራ ላይ ስለሆነ ልጅቷን የምትተወው ለእናቷ ነው። ልጅቷ ገና አራት ወር አልሞላትም፤ ቤቱን ሁሉ በትእዛዝ ስለምታስተዳድር ግን አያትየው «እሜቴ» ይሏታል። እሜቴ ጡጦ አልቀበልም ብላለች። የዱቄቱን ወተት አንዴ ቀምሳ ፊቷን ጭምድድ አድርጋ የአያቷ ቀሚስ ላይ መልሳዋለች። ስንት ከተለመነች በኋላ በትንሿ የሻይ ማንኪያ ልትቀበል ተስማማች፤ እሱንም የእናቷ ወተት ከሆነ ብቻ።

«ልጅሽ አመለኛ ናት» አሉ አያትየው፤ ሲናገሩት ግን ኩራት ኩራት ይላቸዋል።

እንግዲህ ዛሬ ሥራ ቦታ የታለበው ነገ የእሜቴ ምግብ ነው። ያልታለበ ቀን ደግሞ ጡቷ አጋቶ እንደ ድንጋይ ይከብዳል፣ ሌሊት ያተኩሳታል፤ ከዚያ የከፋው፣ አዋላጇ እንደነገረቻት፣ የማይፈለግ የመሰለው ወተት ቀስ እያለ ይሸሻል። ይህቺ «ይሸሻል» የምትለው ቃል ከጭንቅላቷ አልወጣ አለች። ታክሲ ውስጥ ስትቀመጥ፣ ዜና ስታርም፣ ሰው ሲያናግራት ሁሉ ይሸሻል፣ ይሸሻል ትላታለች።

መጀመሪያ የሞከረችው ሽንት ቤት ነበር። አንዱን በር ዘግታ፣ ቦርሳዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ በእጅ የምትሠራውን ትንሽ ፓምፕ ስትጨምቅ ውጭ የተሰለፉት ሴቶች ያንኳኳሉ። «ማነሽ ውስጥ? ደህና ነሽ?» ትላለች አንዷ። «ሆዷን አሟት ይሆናል» ትላለች ሌላዋ። ልቧ ድው ድው ሲል ወተቱም እምቢ ይላል፤ የጠርሙሷን ቂጥ ሳይሸፍን ትወጣለች።

በዚህ ላይ የዜና ክፍሉ ኃላፊ አሉ። ሰውየው ክፉ አልነበሩም፤ ነገር ግን ሲወለዱ ከለቅሷቸው በፊት ሰዓት የጠየቁ ነው የሚመስሉት። ስለዚህ በሌሉበት «አቶ ደቂቃ» ይባላሉ። አንድ ቀን ድፍረቷን ሰብስባ ቢሯቸው ገባች።

«ለልጄ ወተት የማልብበት ትንሽ ቦታ ፈልጌ ነበር» አለቻቸው። «ቁልፍ ያለው ከሆነ፣ ጠባብም ቢሆን ግድ የለኝም።»

አቶ ደቂቃ ጆሯቸው ድረስ ቀሉ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ስቴፕለር አነሱት፣ አስቀመጡት፣ እንደገና አነሱት።

«እ… ይሄ ነገር እንኳ የሰው ኃይልን ነው የሚመለከተው። እነሱን አነጋግሪያቸው። ብቻ የአሥር ሰዓቱ ዜና እንዳይዘገይ።»

የሰው ኃይሏ ሴትዮም ሰምታት ስታበቃ «መመሪያ የለውም፤ ይታያል» አለቻት። «ይታያል» የተባለ ነገር በዚያ መሥሪያ ቤት ታይቶ አያውቅም።

የረዷት ያላሰበቻቸው ሰው ናቸው። የድምፅ ቴክኒሻኑ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው፣ ከአፋቸው ቃል የማይወጣ ሰው ነበሩ፤ በቅጂ ውስጥ የትንኝ ድምፅ እንኳ ስለማያመልጣቸው «ጋሽ ጆሮ» ይባላሉ። ያን ሰሞን ከዜና በኋላ ወረቀቶቿን ስትሰበስብ አጠገቧ መጥተው ቆሙ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ ለግድግዳው የሚያወሩ ይመስል እንዲህ አሉ።

«ሁለተኛው ስቱዲዮ በሥራ ቀን ባዶውን ነው የሚውለው። ቁልፍ የለውም። ግን ቀይ መብራቱ ከበራ ማንም ደፍሮ አይገባም፤ ሥራ አስኪያጁም ቢሆኑ።»

«መብራቱ ሲበራ ማይክሮፎኑም ይከፈታል አይደል እንዴ?»

«ይከፈታል። እኔ ጋ ይመጣል። ከእኔ አያልፍም፤ ዘግቼ እይዘዋለሁ። አልሰማምም።» ወደ በሩ መንገድ ጀምረው ጨመሩ፤ «አምስት ልጅ አሳድጌያለሁ።»

ከዚያ በኋላ ያ ክፍል የእሷ ሆነ። ግድግዳው ድምፅ በሚውጥ ስፖንጅ የተለበጠ፣ አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ያለው፣ መስኮት የሌለው ክፍል ነው። ገብታ ማብሪያውን ስትጫን ከበሩ በላይ ቀዩ መብራት ይበራል፤ ኮሪደሩ ላይ የሚያልፈው ሰው ሁሉ እግሩን አቅልሎ፣ ወሬውን አቋርጦ ያልፋል። እሷ ውስጥ ሆና ያን ጸጥታ ትሰማዋለች። መጀመሪያ ፈራችው፣ ኋላ ጠጣችው። ወተቱም ይወርድላት ጀመር። የሞላውን ጠርሙስ በፌስታል ጠቅልላ ማቀዝቀዣው ውስጥ ከሰው ምሳ ኋላ ትደብቃለች፤ ማታ ታቅፋው ወደ ቤቷ ትከንፋለች።

ስጋቱ ግን አልለቀቃትም። ከወረቀቷ ቀና ባለች ቁጥር አቶ ደቂቃ ሰዓታቸውን ሲያዩ ታገኛቸዋለች። ሰው ሲንሾካሾክ ስለ እሷ ይመስላታል። የተደበቀ ነገር መጨረሻው መውጣት ነው፤ እሷም ይህን አታጣውም።

የወጣው ጋሽ ጆሮ በቀሩ ዕለት ነው።

የዓይን ሕክምና ቀጠሮ ነበራቸው፤ እሷ አልሰማችም። በቦታቸው ከማሰራጫ ጣቢያው የመጣ ተተኪ ቴክኒሻን ተቀምጧል። የሰባት ሰዓቱን ዜና ያነበበው ሌላ ሰው ስለነበር የመቆጣጠሪያ ክፍሉን በር እንኳ ሳታይ በቀጥታ ሁለተኛው ስቱዲዮ ገባች። መብራቱን አበራች። ፓምፗን አወጣች። ሁለት እጇ ስለሚያዝ ስልኩን ድምፁን ከፍታ ጠረጴዛው ላይ፣ ማይክሮፎኑ ስር አስቀመጠችውና ቤት ደወለች።

በዚያው ሰዓት ተተኪው ቴክኒሻን ላይ ጉድ ወርዷል። የተቀዳው የጤና ፕሮግራም ተቋርጦ ሬዲዮው ዝም አለ። ለሬዲዮ ሰው ዝምታ ማለት እሳት ነው። ላብ በላብ ሆኖ የማያውቃቸውን ቁልፎች ሲያማትር የሁለተኛው ስቱዲዮ መብራት በርቶ አየ። «ተመስገን፣ አስተዋዋቂ ገብታለች!» ብሎ የስቱዲዮውን ድምፅ አየር ላይ ለቀቀው።

እሷ ይህን ሁሉ የት አውቃ።

«እማዬ፣ በላች?»

«የት በላች፣ ልጄ! ማንኪያውን ሳሳያት ጥርስ እንዳለው ሰው አፏን ትገጥምብኛለች። ደግሞ ግንባሯ ይሞቃል።»

«ምን ያህል ይሞቃል?»

«እኔ በእጄ ነው የማውቀው። ይሞቃል።»

ፓምፑ በእጇ ላይ ሽው፣ ጥፍ፣ ሽው፣ ጥፍ ይላል። «እንዳልመጣ የአሥር ሰዓቱ ዜና አለብኝ። አቶ ደቂቃ እንደሆነ በር ላይ ቆሞ ሰዓቱን እያየ ነው የሚጠብቀኝ፤ ሽንት ቤት ስሄድ እንኳ ሳይቆጥርብኝ አይቀርም። ለሰው ልጅ ክትባት አነባለሁ፣ ለሰው ልጅ አየር ጠባይ እናገራለሁ፣ የራሴ ልጅ…» ድምጿ ተሰበረ። ያ የማይንቀጠቀጠው ድምፅ። «እስቲ ጆሮዋ ላይ አድርጊልኝ።»

ከስልኩ ውስጥ የተቆራረጠ የሕፃን ትንፋሽ መጣ።

«እሜቴ! የኔ ሆድ! ትንሽ ጠብቂኝ እሺ? ይኸው እየታለበልሽ ነው። ያችን ማንኪያ አትግፊያት፣ በሞቴ። አያትሽን አታስቸግሪያት…»

«ልጄ፣» አሉ እናቷ ድንገት፣ «ምነው በሬዲዮም ትናገሪያለሽ?»

«ምን?»

«ይኸው! አሁን ‹ምን› አልሽ እኮ። እዚህም ‹ምን› አለ።»

እጇ ቆመ። ከስልኩ ውስጥ፣ ቤት መደርደሪያው ላይ ከተቀመጠው ሬዲዮ፣ የራሷ ድምፅ ተመልሶ መጣላት። ቀና ብላ ማይክሮፎኑን አየችው፤ እባብ ያየች ያህል ወንበሩን ይዛ ወደኋላ ሄደች። ማብሪያውን እንዴት እንደዘጋችው አታውቀውም። ወተቱ ግማሹ ቀሚሷ ላይ ፈሷል።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። አገር የሰማውን እሷ መጨረሻ ሰማች።

ኮሪደሩ ላይ ሰዉ በሁለት ረድፍ ቆሟል። አቶ ደቂቃ ከሁሉም ራቅ ብለው፣ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተው ቆመዋል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰዓታቸውን አላዩም። የሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ እየሮጠች መጣች።

«ይፈልጉሻል። ስብሰባ ላይ ናቸው፤ በራቸው ላይ ቁጭ ብለሽ ጠብቂ።»

ቁጭ አለች። አግዳሚው ቀዝቃዛ ነው። እናቷ «ይሞቃል» ያሉት ነገር ጆሮዋ ላይ ይደውላል። መባረሯ ነው፤ ከተባረረች ምን ይበላል? ባልተባረረችስ በየትኛው ፊቷ ዜና ታነባለች? ግንባሯ ይሞቃል። ምን ያህል? በእጄ ነው የማውቀው። ስልኩን አነሳች፤ እናቷ አላነሱም። ደግማ ሞከረች፤ አላነሱም። ያን ጊዜ ሌላው ሐሳብ ሁሉ እንደ ጉም በነነና አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ቦርሳዋን ይዛ ተነሳች።

«የት ነው?» አለች ጸሐፊዋ።

«ልጄ ጋ።»

«ሳያዩሽ እንዳትሄጂ! ይባስ ይቆጣሉ።»

«ይቆጡ» አለች። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየረገጠች ወረደች።

ቤት ስትደርስ አያትየው ልጅቷን ታቅፈው በሩ ላይ ቆመዋል። ስልኩን ያላነሱት እሜቴን እርጥብ ጨርቅ ሲያደርጉላት ኖሮ ነው። ሦስቱም ጤና ጣቢያ ሄዱ። ሐኪሟ ጆሮዋን አየች፣ ጉሮሮዋን አየች፤ ጉንፋን ነው አለች፤ አፍንጫዋ ስለታፈነ ነው ማንኪያውን የገፋችው። ትኩሳት ማብረጃ ሰጠቻት። እናትየዋ እዚያው የመጠበቂያው ወንበር ላይ ሸሚዟን ፈታ ስታቅፋት እሜቴ እየተንፈሰፈሰች፣ እየለቀቀች፣ እየያዘች ጠባች። ያን ጊዜ ነው እንባዋ የመጣው። ጎኗ የተቀመጠችው ሴት መሀረብ አቀበለቻትና ፊቷን ትኩር ብላ አየች።

«ይቅርታ፣ ድምፅሽን… አንቺ ነሽ እንዴ የሬዲዮዋ? ደግ ነው፣ በላችልሽ!»

ያን ሌሊት አልተኛችም። ጠዋት የሄደችው መሰናበቻዋን ልትቀበል ነው።

ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ውስጥ አቶ ደቂቃ፣ የሰው ኃይሏ ሴትዮና አንድ ዓይናቸው በፋሻ የተሸፈነ ጋሽ ጆሮ ተቀምጠዋል። ሥራ አስኪያጁ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ነበር የጀመሩት።

«ይሄ የሕዝብ ሬዲዮ ነው! ያለ ፕሮግራም የስቱዲዮ መብራት ማብራት ምን ማለት እንደሆነ ጠፍቶሽ ነው? ትናንት ቀኑን ሙሉ ስልክ ሲጮህ ነው የዋለው!»

«ምን አሉ ሰዎቹ?» ጋሽ ጆሮ ጠየቁ።

ሥራ አስኪያጁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጥቂቱ ተሳድቧል። ሌላው… ሌላው ‹ሕፃኗ በላች ወይ?› ነው የሚለው። እስከ ማታ። ‹በላች ወይ?› ‹ትኩሳቱስ?› ምን ብለን እንመልስ?»

«በልታለች» አለች ዜና አንባቢዋ፣ በቀጭን ድምፅ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ ጋሽ ጆሮ። «መብራቱን አብሪ ያልኳት እኔ ነኝ። ስቀር ለተተኪው መንገር ነበረብኝ፤ ዘነጋሁት። የሚጻፍ ካለ በእኔ ይጻፍ።»

እሷ አቶ ደቂቃን ለማየት አልደፈረችም። ከሁሉ የምትፈራው እሳቸውን ነው፤ በአገር ሙሉ ፊት በቅጽል ስም የጠራቻቸው እሷ ናት። ሰውየው ግን መሬት መሬት እያዩ ተናገሩ።

«ከትናንት ጀምሮ የሰፈሬ ሰው ሁሉ ሰዓት ይጠይቀኛል» አሉ። «ባለሱቁ ሳይቀር። ‹ስንት ሰዓት ነው?› ይለኛል ግድግዳው ላይ ሰዓት ተሰቅሎ። ደስ አላለኝም፤ ለምን እዋሻለሁ።» ስቴፕለር የሌለበትን ጠረጴዛ በእጃቸው ዳበሱ። «ግን ቦታ ጠይቃኝ ነበር። በወጉ መጥታ ነው የጠየቀችኝ። አፍሬ ነው ያሸሸኋት። እንዲህ ያለ ነገር ከሴት ጋር ማውራት አልተማርኩም። ይሄም ይጻፍ።»

የሰው ኃይሏ ሴትዮ እስክሪብቶዋን ማየት ጀመረች።

ውሳኔው እንደ ሽምግልና ውሳኔ ማንንም ሙሉ በሙሉ ያላስደሰተ ነበር። ለእሷና ለጋሽ ጆሮ ማስጠንቀቂያ ተጻፈ። እሷ ለአንድ ወር ከቀጥታ ዜና ተነስታ የተቀዳ ፕሮግራም እንድትሠራ ሆነ። አሮጌው የቅጂዎች ማስቀመጫ ክፍል ደግሞ ተጠርጎ፣ ወንበርና ትንሽ ማቀዝቀዣ ገብቶበት፣ ቁልፍ ተሠርቶለት «ለሚያጠቡ የጣቢያው ሠራተኞች» ተባለ። «ካላለቀሱ ጡት አይሰጥም» ብለው አያትየው ሳቁ፤ እሷ ግን ለመሳቅ ገና ነበረች። ከቀጥታ ዜና መነሳቱ አጥንቷ ድረስ ነበር የዘለቀው። ከአንድ ወር በኋላስ ይመልሷታል? የመለሷት ዕለትስ አፏን ስትከፍት ሰው «ደወሏ» ይላታል ወይስ «ያቺ ወተቷ»?

ክፍሉ በተከፈተ በሦስተኛው ቀን ቁልፏን ስታስገባ በሩ ከውስጥ ተሸጉጦ አገኘችው። ውስጥ የሆነ ነገር ወደቀ።

«ማነው?» አለች።

መቀርቀሪያው ቀስ ብሎ ተከፈተ። የጽዳት ሠራተኛዋ ነበረች፤ ሁሉም «እታለም» የሚላት፣ በቀን አሥር ጊዜ ሰላም የሚላት፣ አንድም ሰው ግን ቆሞ ያላናገራት። ሰማያዊ ጋዎኗን በአንድ እጇ ደረቷ ላይ ሰብስባ ይዛለች። በሌላው እጇ የሻይ ብርጭቆ፣ ከስሩ ጥቂት ወተት።

«ይቅርታ፣ እህቴ። አሁን ልወጣ ነው። በሩ ሳይቆለፍ አገኘሁትና መጥረጊያ ልወስድ ገብቼ ነው» አለች። ብርጭቆውን ለመደበቅ ስትሞክር ትንሿ ወተት ተነቃነቀች።

ዜና አንባቢዋ ገብታ በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።

«እታለም፣ ወልደሻል እንዴ? መቼ?»

«ሦስተኛ ወሩን ይዟል። ጋዎኑ ሰፊ ነው፤ ማን አየኝ።» ፈገግ ልትል ሞከረች። «ድርጅታችን ሌላ ነው፣ ከእናንተ ጋር ውል ያለው። እርጉዝ መሆኔን ቢያውቁ በሌላ ይተኩኛል ብዬ ዝም አልኩ። ስወልድ አሞኛል ብዬ ነው የቀረሁት፤ ቶሎ ተመለስኩ።»

«እስከዛሬ የት ነበር የምታልቢው?»

«የት አልባለሁ ብለሽ። በጨርቅ ጥብቅ አድርጌ አስሬው ነው የምውለው። የግራው እንኳ ደርቋል መሰለኝ፤ ካለፈው ሳምንት ወዲህ ምንም የለውም።» ከዚያ፣ ስትጠብቀው እንደኖረች ሁሉ፣ ቶሎ ብላ ጠየቀች፤ «ይመለሳል እንዴ? አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ የደረቀ ይመለሳል?»

ዜና አንባቢዋ ያን «ይሸሻል» የሚል ቃል ከሌላ ሰው ፊት ላይ አነበበችው። መልሱን አታውቀውም ነበር፤ አላውቅም አለቻት። «የማውቃት አዋላጅ አለች፤ ከሥራ ስንወጣ አብረን እንጠይቃታለን። እስከዚያ ቁጭ በይ። ግራውንም ሞክሪው።»

«ክፍሉ ለጣቢያው ሠራተኞች ነው ይላል እኮ በሩ ላይ።»

«ይበል።»

በምሳ ሰዓት ቁልፍ ቀራጩ ጋ ሄዳ ሁለተኛ ቁልፍ አሠራች። ማንንም አላስፈቀደችም። ማስጠንቀቂያው ገና ቀለሙ አልደረቀም፣ ሌላ ቢጨመርበት ምን እንደሚከተል አሳምራ ታውቃለች። ቁልፉን በወረቀት ጠቅልላ ኮሪደሩ ላይ እየጠረገች ያለችው እታለም ጋዎን ኪስ ውስጥ ጣል አድርጋላት፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሰው አለፈች።

ማታ አዋላጇ ሁለቱንም ሰማቻቸው። ሕፃኑ ደጋግሞ ከጠባው፣ እሷም ደጋግማ ካለበችው ሊመለስ ይችላል፤ ላይመለስም ይችላል፤ መሞከር ነው አለች። እታለም ቀኑን ሙሉ ሞከረች፣ ሳምንቱን ሙሉ ሞከረች። በየጠዋቱ ኮሪደሩ ላይ ሲተላለፉ ዜና አንባቢዋ በቅንድቧ ትጠይቃለች፤ እታለም ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች፣ የለም። አንድ ማክሰኞ ግን መጥረጊያዋን ግድግዳ ላይ አስደግፋ እየተጣደፈች መጣችና፣ ከአቶ ደቂቃ ጋር ስለ ጽሑፍ እያወራች ያለችውን ዜና አንባቢ ክንዷን ያዘቻት።

«ጠብ አለ!» አለቻት በሹክሹክታ። «ግራው! ጠብ አለ!»

አቶ ደቂቃ ሁለቱን ሴቶች ተራ በተራ አዩ። ጆሯቸው ቀላ። የሆነ ነገር የሚሉ መሰሉ፤ ከዚያ ወረቀታቸውን አጠፉና «ጽሑፉ ይቆያል፣ ሂዱ» ብለው ፊታቸውን አዞሩ።